ሃያ አራተኛዋ ማክሰኞ

ጥቅምት 20

ወሬው የደረሰኝ ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን ጠዋት ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የአንድ ሰማያዊ ቀሚስ ወገብ እየሰፋሁ ሳለ ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ ገባች። «ላንቺ ነው፤ ከከተማ ነው» አለችኝና ስልኩን ስትሰጠኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የደወለችው የልጄ ቤት አከራይ ነበረች። ያለችውን ሁሉ ሰማሁ። አልጮህኩም። ስልኩን መለስኩላትና የጀመርኩትን ወገብ እስከ ዳሩ ሰፋሁት። በኋላ አገላብጬ ሳየው አንድም ቦታ አልተጣመመም። እንዴት እንዳልተጣመመ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ያሳፍረኛልም።

ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ ይቅርታ አድርጊልኝ። እንደምን አለሽ? «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ እሱን ዘልዬዋለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ አንድ መስመር እስክጽፍ አንድ እጅጌ እጨርሳለሁ። በስልክ አምስት ጊዜ ሞክሬሽ ነበር። ስለማታነሺ ነው ወረቀት የያዝኩት። ወረቀት ቢያንስ አይዘጋም።

ማን እንደሆንሽ የማውቀው ከካርዷ ነው። ልጄን አምጥተን ከቀበርናት በኋላ ዕቃዋን ሳወጣ ከቦርሳዋ ውስጥ አንድ ቢጫ ካርድ አገኘሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ጤና ጣቢያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሴቶቹ ተሰብስበው የሚነጋገሩበት ካርድ ነው። ከክኒኑና ከመጠጡ ለመላቀቅ እዚያ እንደምትሄድ ነግራኝ ነበር። ከጀርባው ሕጉ ታትሟል። እያንዳንዷ ሴት ጥንድ አላት፤ ካርዷ ላይ የምትፈርምላት አማካሪዋ ሳትሆን ጥንዷ ናት። በሩ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ይዘጋል። ሰባት ማክሰኞ በተከታታይ የቀረች ቦታዋን ለተረኛ ትለቃለች። ከሕጉ ሥር ልጄ በራሷ እጅ «ጥንዴ መቀስ» ብላ የምትሠሪበትን ፀጉር ቤትና ስልክሽን ጽፋለች።

ሃያ ሦስቱ ሣጥኖች ላይ የዶሮ እግር የመሰለ ፊርማ አለ። ያንቺ መሆን አለበት። ሃያ አራተኛው ላይ ልጄ «ጥቅምት 4» ብላ ቀኑን ጽፋለች፤ ፊርማ ግን የለም። አከራይዋ ሞታ ያገኘቻት ከዚያ በአራተኛው ቀን ነው።

ካልገባች ቀኑን ለምን ጻፈች? ከገባች ለምን አልፈረምሽላትም? እንዲሁም፣ ብትችዪ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ትስቅ እንደነበር ንገሪኝ። እዚህ ብዙ አትስቅም ነበር።

እናቷ

*

ጥቅምት 25

እማማ፣

እግዜር ያጽናዎት። ፖስተኛው ደብዳቤዎን ፀጉር ቤቱ ድረስ አመጣው። በስሜ የሚመጣልኝ ወረቀት የፍርድ ቤት ብቻ ስለሆነ ደንግጬ የደንበኛዬን ዓይን ሳሙና በሳሙና አደረግኩት። ስልክ ስላላነሳሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ስለማውቅ ነው ያላነሳሁት።

ትስቅ ነበር። እርስዎ ምን ብለው እንደሚጠሯት አውቃለሁ፣ «ሚጣዬ»። እኛ ግን አለቃ ነበር የምንላት። አንዷ አምስት ደቂቃ ካረፈደች ደረጃው ላይ ቆማ «የተከበሩ እመቤት፣ ቁርስዎን ጨረሱ?» ትላለች። አማካሪያችን አንድ ቀን «ዓይናችሁን ጨፍኑና ጸጥ ያለ ቦታ በሐሳባችሁ ሂዱ» አለችን። ሁላችንም ጨፈንን። አንዷ ባሕር ሄደች፣ አንዷ አያቷ ጓሮ። አለቃ መሀል ላይ ብድግ አለች። «ምነው?» ስትባል «እኔ የሄድኩት የምሠራበት ሆቴል ላውንደሪ ነው፣ እሁድ ቀን፣ ሰው የለም። ግን ካውያው ተሰክቶ ቀርቷል፤ ሳልነቅለው እንዴት ዝም ብዬ ልቀመጥ?» አለች። አማካሪዋ ራሷ ወንበሯ ላይ ተደፍታ ሳቀች። አለቃም ሳቀች፤ አፏን በእጇ ሸፍና፣ ትከሻዋ ብቻ እየተንቀጠቀጠ። እንደዚያ ነው የምትስቀው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሁለት መንደሪን ይዛ ትመጣለች። አንዱ የእኔ ነው። ቁርስ እንደማልበላ ስለምታውቅ በሩ ላይ ቆማ ልጣጩን ልጣ ነው የምትሰጠኝ። «ባዶ ሆድሽን ካለቀስሽ ትወድቂብኛለሽ፤ አንቺን የሚሸከም ጉልበት የለኝም» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ከእሷ በእጥፍ ስለምከብድ ልክ ነበረች።

ስለዚያች ማክሰኞ ለጠየቁኝ፣ ረስቼ ነው፤ መፈረሙን ረስቼ ነው።

ዛሬም ማክሰኞ ነው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሥራ በዝቶ አልሄድኩም። ካስኩ ሥር ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አንደኛዋ እየተቆጣች ነው፤ ልሂድላት።

መቀስ

*

ጥቅምት 30

ለመቀስ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሳቋን ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ መሳቋን የምታውቀው እናቷ ብቻ ትመስለኝ ነበር። ደብዳቤሽን ጎረቤቴ እንዳታይብኝ ዱቄት ዕቃው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ነጭ ሆኗል፤ ግን ይነበባል።

«ረስቼ ነው» ያልሺውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጄ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ተተርትሮ እንደገና የተሰፋ ቦታ በጣቴ ስነካው ይታወቀኛል። ሃያ ሦስት ጊዜ ያልረሳች ሴት ሃያ አራተኛው ላይ ብትረሳ እንኳ «ይቅርታ» ትላለች እንጂ ቶሎ ብላ ወደ ካስኩ አትሮጥም። ያስቀረሽውን ነገር አሁን ንገሪኝ አልልሽም። እንዳስቀረሽ ግን ማወቄን እወቂው።

ሁለተኛው ነገር የሥራሽ ብዛት ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ ጥቅምት 11፣ 18፣ 25 ቀርተሻል። እሷ ከሞተች ወዲህ አንድም ቀን አልሄድሽም ማለት ነው። ሕጉ እጄ ላይ አለ። አራት ማክሰኞ ቀርቶሻል፤ ከዚያ ወንበርሽ የሌላ ሰው ነው። አንድ ሰው ሲቀበር ሁለት ሰው መቁጠር አልፈልግም።

ከደብዳቤሽ ጀርባ በእርሳስ የጠየቅሽኝንም አይቼዋለሁ። አጥፍተሽው ነበር፤ መስኮት ላይ አድርጌ አነበብኩት። አዎ፣ ወንድሜ ሐዘን ቤቱ ነበር። ከፊት ተቀምጦ ሰው ሲገባ እየተነሳ፣ ሲወጣ እየሸኘ። «እንዲህ ያለ አጎት የት ይገኛል» ሲሉ ሰምቻለሁ። ለምን እንደጠየቅሽኝ ገብቶኛል። በዚያ ክፍል የሚባለው ነገር ከዚያ ክፍል እንደማይወጣ ካርዱ ላይ አለ፤ አንቺም ምንም አላወጣሽም። ጠየቅሽ እንጂ። መልሱን ግን ዛሬ መጻፍ አልቻልኩም። እጄ እምቢ አለኝ።

ይህን ደብዳቤ የጠዋቱ አውቶቡስ ሹፌር ይዞልሽ ይመጣል። ከፖስታው ይፈጥናል፤ በግድ እንደተላከ ሰው ግን ይነጫነጫል። መልስሽን ለእሱ ስጪው። ማክሰኞ ሂጂ።

እናቷ

*

ኅዳር 4

እማማ፣

ከእንግዲህ አይጻፉልኝ። ለማን እንደሚጽፉ ቢያውቁ ኖሮ ብዕር አያነሱም ነበር። ይኸው ልንገርዎትና ይገላገሉኝ።

አልረሳሁም። አልነበርኩም።

ሰኞ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። ያን ሰኞ ገበያ ወጥቼ የቀድሞ ባሌን አየሁት። እሱ አላየኝም። እኔም ፊቱን አላየሁም፤ ሽንኩርት ሲመርጥ እጁን ብቻ ነው ያየሁት። ያ እጅ አንድ ጊዜ የሠራውን ለእርስዎ አልጽፍም። ሸመታዬን እዚያው ጥዬ ሄድኩ። ከሰባት ወር በኋላ ጠጣሁ። ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ ሲጠራ ሰምቼዋለሁ። አለቃ ናት። ነቅቼ ነበር እማማ፤ ተኝቼ አይደለም። በዚያ ሽታዬ እንዳታየኝ ብዬ ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት። አራት ጊዜ ጠራ።

ያ ብቻ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር። መጀመሪያ ስንጣመር ያስማልኳት እኔ ነኝ። ብቻዬን ያን ክፍል መግባት ስለምፈራ «ያለ እኔ ደረጃውን አትወጪም፣ እኔም ያለ አንቺ አልወጣም» ብዬ እጇን ይዤ አስማልኳት። እሷ ቃሏን የምትጠብቅ ሰው ናት። የጤና ጣቢያው ጥበቃ በኋላ መንገድ ላይ አግኝቶኝ እንደነገረኝ በሩ ጋ ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ካርዷን አውጥታ ቀኑን ጻፈችበት። «ግቢ እንጂ፣ ሊዘጋ ነው» ሲላት «ጥንዴ እየመጣች ነው» አለችው። ሦስት ሰዓት ከአሥር አለፈ። ሁለቱንም መንደሪን ለእሱ ሰጥታው ሄደች።

እኔ ብመጣ ትገባ ነበር። ባላስምላት ብቻዋን ትገባ ነበር። በየትም በኩል ቢዞሩት በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ። እዚያ ወንበር ላይ ሄጄ ምን ብዬ ልቀመጥ? ሰባተኛዋን ማክሰኞ እየጠበቅኩ ነው፤ ቦታዬን ይስጡትና ይለፍልኝ።

ሹፌሩ «ማናት እንዲህ የምታስሮጠን?» ብሎኛል። የሟች እናት ናት አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልተነጫነጨም።

መቀስ

*

ኅዳር 7

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ሐሙስ ማታ ደረሰኝ። ዓርብ አንብቤ ወደ ዱቄቱ መለስኩት። ቅዳሜ አውጥቼ አነበብኩት። ዛሬ እሁድ ነው። ተናድጄብሽ ነበር፤ አልዋሽሽም። ዓርብ ቀን ብታገኚኝ ጥሩ ነገር አልናገርሽም ነበር። መቀሱን ጨርቁ ላይ እንዳላበላሸው ፈርቼ ሥራ አልሠራሁም።

አሁን የእኔን ስሚ።

ያን ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ልጄ ደውላልኝ ነበር። ከበሩ እንደተመለሰች መሆን አለበት። «እማዬ፣ ዛሬ ሳልገባ ቀረሁ» አለችኝ። እኔ አርባ ቀሚስ ቀጠሮ ደርሶብኝ እግሬ ፔዳሉ ላይ ነበር። «ኧረ ተዪው፣ ወሬ ነው፤ በወሬ የዳነ ሰው የለም። ሥራሽን ያዢ። ማታ ደውዪ» አልኳት። ማታ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ስልኩ ላይ ተጽፏል፤ የተነጋገርነው አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው።

ሌላም አለ። በእርሳስ ጠይቀሽኝ እጄ እምቢ ያለኝ። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ አጠገቤ ቆመች። «እማዬ፣ አጎቴ» ብላ ጀመረች። አላስጨረስኳትም። ፊቷን አይቼ ገብቶኝ ነበር፤ ስለገባኝ ነው ያላስጨረስኳት። «ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» አልኳት። ማንም አልሰማም። እሷም ታዛዥ ልጅ ነበረች፤ ዝም በይ ስላልኳት ዐሥራ ስድስት ዓመት ዝም አለች። መጀመሪያ አፏን የከፈተችው እናንተ ክፍል ውስጥ ነው። እሱን ነው እኔ «ወሬ ነው» ያልኩት።

እንግዲህ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ እያልሽ ወረፋ ከያዝሽ፣ ከኋላዬ ነሽ። ከእኔ በፊት ደግሞ አንድ ሰው አለ፤ እሱ ወረፋው ላይ እንኳ አልቆመም። አንቺ አንድ ቀን ቀረሽ። ሃያ ሦስት ቀን ግን ወስደሻታል። ካርዱን እያየሁ ነው የምነግርሽ። ሃያ ሦስት ማክሰኞ የኖረችው በዚያ በተንጋደደ ፊርማሽ ነው፤ ይህንን ማንም አይነጥቅሽም፤ አንቺም ራስሽ።

ይቅርታ አደረግኩልሽ የሚል ነገር አልጽፍም። የእኔንም ይቅር የሚል ስላላገኘሁ፣ ከሌለኝ ላይ አልሰጥም። የምጽፈው ሌላ ነው። ከነገ ወዲያ ኅዳር 9 ማክሰኞ ነው። ሂጂ።

እናቷ

*

ኅዳር 10

እማማ፣

ትናንት እስከ በሩ ሄጃለሁ። እሷ የተቀመጠችባት ድንጋይ ላይ ጥበቃው ኮቱን ዘርግቶበታል። «ሰው እንዳይቀመጥበት ነው» አለኝ። ያንን ሳይ ተመለስኩ። አልጠጣሁም፤ ይህን ይመዝግቡልኝ። ስድስተኛዋ ናት፤ አንድ ቀረችኝ።

ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ። እሷ ስለ እርስዎ የተናገረችውን መንገር አይፈቀድልኝም። አንድ ነገር ብቻ ልስረቅ፤ አንድም ቀን በክፉ አላነሳችዎትም። ብታነሳ ይሻል ነበር እንላት ነበር።

እሄዳለሁ ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ቃል ማለት ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ደግሞ ጥንድ የለኝም። አዲስ ጥንድ ሊሰጡኝ ነው፤ ያቺን ሁልጊዜ ባርኔጣ የምታደርገዋን። ፀጉር ሠሪን ከባለ ባርኔጣ ጋር ያጣምራሉ? ቀልዴ ነው። አልሥቅም ግን። ብቻዬን አልገባም። አልችልም።

መቀስ

*

ኅዳር 13

መቀስ፣

ሰላም ብያለሁ። አጭር እጽፋለሁ፤ ልብስ እያጠፍኩ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከሹፌሩ ጋር እመጣለሁ። በእሷ አከራይ ቤት አድራለሁ። ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ እገኛለሁ። እንድትመጪ ቃል አላስገባሽም፤ አላስምልሽም። እኔም የማላደርገውን ልንገርሽ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ አልጠብቅሽም። እስከ ሦስት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ከዚያ ብትመጪም ባትመጪም ደረጃውን እወጣለሁ። ብቻዬን። ልጄ ያን ቀን ማድረግ የነበረባት እሱን ነው፤ የነገራት ግን አልነበረም። እኔ አድርጌ አሳያታለሁ።

አማካሪዋን ደውዬ ጠይቄያታለሁ። «እርስዎ የቡድኑ አባል አይደሉም፣ ግን እናት ነዎት፤ ሴቶቹ ከፈቀዱ አንድ ቀን ይቀመጣሉ» አለችኝ። «እንደ እናት አይደለም የምመጣው፤ እኔም የምናገረው ነገር አለኝ» አልኳት። «እንግዲያው ወንበር አለ» አለች።

ወንድሜ ትናንት መጥቶ ነበር። ምሳ ላቅርብልህ አላልኩትም። «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ደጃፍ አትርገጥ» አልኩት። «ምን አደረግኩ?» አለ። «ልንገርህ?» አልኩት። ጎረቤቴ በሩ ላይ ነበረች፤ ሰው ይሰማ ነበር። ዝም አላልኩም፣ «ልንገርህ?» ብዬ ጮክ ብዬ ደገምኩት። «አይ» አለ። የጫማውን ማሰሪያ ሳያስር ወጣ።

ማክሰኞ።

እናቷ

*

ታኅሣሥ 3

ለመቀስ፣ እንዲሁም በዚያ ክፍል ላላችሁ ሴቶች ሁሉ፤

ሁላችሁም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ዘንድሮ ይህን ቃል ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሙሉ በሙሉ እውነት ባይሆንም ልሰርዘው አልፈለግኩም።

መቀስ፣ ይህን በሚቀጥለው ማክሰኞ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እንድታነቢላቸው ነው የምጽፈው። አንቺ የምታውቂውን የምደግመው ላላዩት ብዬ ነው፤ አትሰልቺ።

ኅዳር 16 በሩ ላይ ቆምኩ። ከመናኸሪያው ሁለት መንደሪን ገዝቼ ነበር። አንዱን ርቦኝ አውቶቡሱ ውስጥ በልቼዋለሁ፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ሰዓት ከአምስት። አልመጣሽም። ጥበቃው ሰዓቱን እያየ እኔን ያያል። ከስምንት ሲል መንገዱን ትቼ ፊቴን ወደ ደረጃው አዞርኩ። አራት ደረጃ ወጣሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ጉልበቴ ስለሚያመኝ እቆጥራለሁ። ከኋላዬ «የተከበሩ እመቤት፣ ቁርስዎን ጨረሱ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ግማሽ ፀጉርሽ በቢጉዲን ተጠቅልሎ፣ ግማሹ ተበትኖ፣ በነጠላ ጫማ ቆመሻል። የቀረችውን መንደሪን ሰጠሁሽ። ልጣጩን አልላጥኩልሽም። አንቺው ላጥሽው፤ ግማሹን ለእኔ ሰጠሽኝ። ገባን፤ ከኋላችን በሩ ተዘጋ።

ውስጥ የተባለው ከውስጥ አይወጣም። እኔ ለዐሥራ ስድስት ዓመት ያላስጨረስኩትን ዓረፍተ ነገር ጨርሼ እንደወጣሁ ብቻ እጽፋለሁ።

ስንወጣ ካርድሽን ሰጠሽኝ። መፈረም ስለማላውቅ ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩልሽ፤ ሁለት ሣጥን ሞላሁብሽ። ይቅርታ። ከዚያ የልጄን ካርድ አወጣሁ። አንቺ «ልፈርምላት?» አልሺኝ። «አይሆንም፤ አንቺ አላየሻትም» አልኩሽ። ከፍቶሽ ነበር፤ ግን ልክ ነበርኩ። ካርዱን ይዤ ወደ ጥበቃው ሄድኩ። «ጥቅምት 4 መጥታ ነበር ወይ?» አልኩት። «እንዴ፣ እዚህ ድንጋይ ላይ አልነበረችም እንዴ» አለ። «እንግዲያው ያየ ይፈርም» አልኩት። እስክሪብቶ አልነበረውም፤ ያንቺን ተበደረ። ሃያ አራተኛው ሣጥን ላይ «መጥታ ነበር» ብሎ ጽፎ ፈረመበት። አሁን ካርዷ ሙሉ ነው። ዱቄት ውስጥ ሳልደብቀው ከስፌት መኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ምን እንደሆነ እነግራለሁ። ጎረቤቴ ጠይቃለች። ነግሬያታለሁ።

አማካሪዋ ልመናዬን ስለሰማችኝ አመሰግናታለሁ። ከካርዱ ጀርባ አዲስ መስመር እንደምታሳትም ነግራኛለች፤ «ጥንድሽ ብትቀር ብቻሽን ግቢ፤ ውስጥ ያገኘሻት ትፈርምልሻለች።» ልጄ ያንን መስመር ሳታነብ ሄደች። እናንተ ታነቡታላችሁ።

መቀስ፣ ኅዳር 24 የጻፍሽልኝን እዚህ አንብቢላቸው ወይም አታንብቢላቸው፤ ያንቺ ነው። ሰኞ ወድቀሽ ማክሰኞ እንደነበርሽ፣ ከነሽታሽ፣ ገብተሽ መቀመጥሽን ሳነብ ተነስቼ በክፍሌ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተራመድኩ። ትራስ ሥር የከተትሽውን ስልክ አስታውሺ። በዚህኛው ማክሰኞ አልከተትሽውም። ባለ ባርኔጣዋ ፈረመችልሽ ብለሽኛል። ባርኔጣውን ለምን እንደምታደርግ ነግራሽ ከሆነ ለእኔ አትንገሪኝ። ፀጉሯን ግን ሲደርስ አንቺ ሥሪላት።

እኔም እዚህ ጀምሬያለሁ። በእኛ ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለ ክፍል የለም። ነርሷን «ማክሰኞ ከሦስት እስከ አራት የማትጠቀሙበት ክፍል አለ?» ብዬ ጠየቅኳት። «የመድኃኒት መጋዘኑ አለ» አለች። የመጀመሪያው ቀን ከነርሷ ጋር ሁለት ሆነን ካርቶን ላይ ተቀመጥን። በሁለተኛው ጎረቤቴ መጣች። እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም፤ እሷም አንድ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ነበራት። እንዳትመጣ ባል፣ ልጅ፣ ምጣድ ላይ የተጣደ ወጥ ምክንያት ቢሆናት በሯን አንኳኳለሁ። ማርያምን! አልሰፋም፤ ማክሰኞ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ፔዳሉን አልነካም። ዩኒፎርሙ ይቆያል። ከእንግዲህ «ማታ ደውዪ» ለማንም አልልም።

እንግዲህ አንድ የምለምናችሁ ነገር አለኝ። በቀረው ዕድሜዬ ሌላ አልለምናችሁም።

ማክሰኞ ስትመጡ፣ ከበሩ ግራ ያለችው ድንጋይ ላይ ጥበቃው ኮቱን ካነሳው፣ ወይም ባያነሳውም፣ ለአፍታ ቆም በሉ። ብዙ አይደለም፤ ሊዘጋባችሁ አይገባም። ስሟን ታውቁታላችሁ፤ አለቃ በሉ፣ ሚጣዬ በሉ፣ እንደመጣላችሁ ጥሯት። ለልጄ ጸልዩላት። ከሄደችበት ደጃፍ ስትደርስ «ጥንድሽ የት አለች?» ብሎ የሚያቆማት፣ «ሰዓት አልፏል» ብሎ የሚመልሳት እንዳይኖር፣ ብቻዋንም ብትሆን እንድትገባ ጸልዩላት። ከዚያ እናንተም ግቡ።

እናቷ